በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እንጀራም አይገባም

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ተረቱ ወሬ ለሚያበዛ ሰው ደግ ምክር ነው። ለተማሪ ግን ደግ ምክር መሆኑን እጠራጠራለሁ። መምህሩ ትምህርቱን ጨርሶ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ዓይኑን በደብተሩ ላይ ይተክላል። ሁሉም ገብቶት ነውን? አይደለም። ከክፍል እንደ ወጣን በየጥጉ «ያ ነገር ለአንተ ገብቶሃል?» እየተባባልን እንጠያየቃለንና። አፋችንን የዘጋነው እንዳይሳቅብን ነው። እውነት ነው፣ ዝንቡ አልገባም፤ ነገር ግን እንጀራውም አልገባም። እኔ ራሴ በአንደኛ ዓመት ጽሑፌን ለክፍሉ እንዳነብ በተጠራሁ ጊዜ ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ አይደለም።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ሕመም ለራስ ዝቅተኛ ግምት መስጠት ይሉታል። እኛ በቀላሉ ራስን መናቅ እንበለው። ከትሕትና ጋር ግን አንድ አይደለም። ትሑት ሰው ችሎታውን እያወቀ ለሌላው ቦታ ይለቃል፤ ራሱን የሚንቅ ሰው ግን የሚለቀው ቦታ እንኳ ያለው አይመስለውም። በአገራችን ሁለቱ አንድ ጋቢ ለብሰው ስለሚሄዱ ለመለየት ያስቸግራል። «አንገቱን የደፋ ጨዋ ልጅ» ተብሎ ይመሰገናል፤ አንገቱን የደፋው በጨዋነት ይሁን በፍርሃት የሚጠይቅ ግን የለም። እንግዲህ ሊቃውንቱ ለዚህ ሕመም ካቀረቧቸው መድኃኒቶች የትኛው ይሻላል? የትኛውስ ለእኛ ይስማማል? በዚህ ላይ ያለኝን አሳብ ለጓደኞቼ ማካፈል እወዳለሁ።

ነገሩን ከሐሙሲት ልጀምር። በዚያች ከተማ አብሮኝ ያደገ አንድ ጓደኛ አለኝ። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ለወራት ያህል በገበያ ቀን ከቤት አይወጣም ነበር። አስተማሪውን እንዳያገኝ በዋናው መንገድ መሄዱን ትቶ በጓሮ በጓሮ ይዞራል። እናቱም፣ ጎረቤቱም፣ እኔም «አይዞህ፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» አልነው። መልሱ አንዲት ናት፦ «ጎበዝ ከሆንሁማ ለምን ወደቅሁ?» ይህን ጥያቄ የሚመልስለት አጣ። ምስጋናችን በበዛ ቁጥር እርሱ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር።

የጓደኛዬ ጥያቄ ከእርሱ አልፎ የአገር ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ከፍ ቢልም 5.4 ከመቶ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፍ ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት በክፍልፋይ አስልቶታል፤ ያገኘው ውጤት ከላይ፣ የተመኘው ከታች ነው። ከመቶ ዘጠና ስድስትና ዘጠና ሰባት የሚሆነው ወጣት በአንድ ቀን ላይኛው ቁጥር ዜሮ ነው ሲባል የታችኛው ምኞት ግን እንዳለ ነው። ታዲያ የክፍልፋዩ ውጤት ምን ሊሆን ኖሯል?

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ እንሂድ። ፊተኛው መድኃኒት ጓደኛዬን የሰጠነው ነው፤ ምስጋና። ይህ መድኃኒት በባለጠጎች አገርም በሰፊው ተሞክሯል። የካሊፎርኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንኑ ጉዳይ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ ሕዝቡ ራሱን ቢያከብር ወንጀሉም፣ ሱሱም፣ የትምህርት ድክመቱም ይቀንሳል የሚል ተስፋ ነበር። በኋላ ግን ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ ራስን ከፍ አድርጎ መገመት ብቻውን ጎበዝ ተማሪ እንደማያደርግ ገለጡ። እንዲያውም ጉብዝናው ይቀድማል፣ ግምቱ ይከተላል ለማለት የሚያስደፍር ነገር አገኙ። ከዚህ የባሰውን ያሳየችው ደግሞ በካናዳ የምታስተምር ጆአን ውድ የምትባል ሊቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጓደኞቿ ጋር ባወጣችው ጥናት ራሳቸውን የሚንቁ ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ እንዲደጋግሙ ሲደረግ ካልደጋገሙት ይልቅ ቅር ብሏቸው ተገኙ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሰው የማያምነውን ነገር ለራሱ ሲነግር ልቡ ከውስጥ «ውሸትህን ነው» ይለዋል። የጓደኛዬ መልስም ይኸው ነበር።

ሁለተኛው መድኃኒት ማዳመጥ ነው። የዚህ መምህር ካርል ሮጀርስ ነው፤ ሥራውን የገለጠበትን ዋና መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። እንደ እርሱ አባባል ሐኪሙ አይመክርም፣ አይገሥጽም፣ አያመሰግንምም። የሰውየውን ነገር ከልቡ ሰምቶ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይቀበለዋል። «ብታልፍ እወድሃለሁ» የተባለ ልጅ ሲወድቅ ፍቅሩንም እንዳጣ ይቆጥረዋልና ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚቀበለው አንድ ሰው ማግኘት ታላቅ ነገር ነው። ይህን መድኃኒት አልንቀውም፤ ያለ እርሱ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት ያለም አይመስለኝም። ነገር ግን ብቻውን ይበቃል ለማለት ያስቸግራል። ጓደኛዬን ቁጭ ብዬ ብዙ ሌሊት ሰምቼዋለሁ። ከሰማሁት በኋላ ልቡ ይቀለው ነበር፤ በነጋታው ግን ያው በጓሮ መዞሩን አልተወም።

ሦስተኛው መድኃኒት አሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያርመው ነው። አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሠረቱን ጣሉ፤ ራስን ለመናቅ በሚስማማ መንገድ ያዘጋጀችው ግን እንግሊዛዊቷ ሜላኒ ፌኔል እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የፌኔል ትምህርት በአጭሩ እንዲህ ነው። ራሱን የሚንቅ ሰው በልቡ ሥር «እኔ ከንቱ ነኝ» የሚል አንድ ፍርድ ተቀብሯል። ፍርዱ እንዳይገለጥበት ለራሱ ሕግ ያወጣል፦ «አልናገርም፣ አልሞክርም፣ ከሰው ፊት አልቆምም»። በአንድ አጋጣሚ ሊናገር ሲል «ይሳቅብኛል» ብሎ ይተነብያል፤ ስለዚህ ይሸሻል። ስለሸሸም ትንቢቱ ሐሰት መሆኑን ሳያይ ይቀራል። ቢሞክርና ቢሳካለት እንኳ «ዕድል ነው» ይላል፤ ባይሳካለት ግን «ይኸው፣ አላልሁም?» ይላል። ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህ የተዘጋው አፍ ታሪክ አይደለምን? አፉ ከዝንብ ጠበቀው፤ ግን በዚያው ምክንያት በረኀብ ሊሞት ነው።

ሕክምናው ታዲያ ከሸሸበት ቦታ ጥቂት በጥቂት እንዲመለስ ማድረግ ነው። ሰውየው የሚፈራውን በወረቀት ይጽፋል፤ ከዚያ ትንሿን ነገር ይሞክራል፤ የሆነውን ከጻፈው ጋር ያስተያያል። ሐኪሙ «ጎበዝ ነህ» አይለውም። «ሄደህ እይ፤ ያየኸውን ንገረኝ» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፌኔል መንገድ የተሠሩ ሕክምናዎች ተሰብስበው ሲመረመሩ በየሳምንቱ እየተገናኙ የሠሩት ሰዎች ብዙ ተሻሽለው ተገኝተዋል፤ የአንድ ቀን ትምህርት የተሰጣቸው ግን ለውጣቸው ያነሰ ነበር። ይህን ነገር አንባቢዎቼ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

አራተኛው የትዝታ መድኃኒት ነው። በኔዘርላንድ ኮሬልቦም የተባለ ሊቅ «ኮሜት» የሚባል ዘዴ አውጥቷል። ሕመምተኛው በእውነት ያደረገውን አንድ መልካም ሥራ ያስታውሳል፤ ከዚያም ያን ትዝታ በአቋቋሙ፣ በፊቱ ገጽታና በሙዚቃ እያገዘ ደጋግሞ ይለማመደዋል፤ ክፉው ትዝታ ሲመጣ ደጉ እንዲቀድመው ነው። ሌላው «ኢ.ኤም.ዲ.አር.» የሚባለው ሲሆን ዓይንን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ የሚያሳፍር ወይም የሚያስፈራ የጥንት ትዝታን ማከም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያው አገር በጭንቀት ሕመምተኞች ላይ ሁለቱ ሲወዳደሩ ለራስ የሚሰጠውን ግምት በማሻሻል ኮሜት በልጦ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኢ.ኤም.ዲ.አር. አሳብንና ድርጊትን ከሚያርመው ሕክምና ጋር ሲወዳደር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፖል ጊልበርት ራሱን አጥብቆ የሚወቅሰውን ሰው ለራሱ እንዲራራ፣ ለወዳጁ በሚናገርበት አንደበት ለራሱም እንዲናገር ያስተምራል።

ከዚህ ውድድር የምረዳው አንድ ነገር አለ። ጥቅም የሰጡት መድኃኒቶች በስም ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሰውየውን በእውነተኛ ነገር ላይ ያቆሙታል። አንዱ ዛሬ በሚሞክረው፣ ሌላው ትናንት በሠራው። ባዶ ምስጋና ግን የሚቆምበት መሬት የለውም።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ይረባል?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው የዐሥር ጥያቄ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት በ53 አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር ተመዝኖ ነበር። በአሉታ የተጻፉት ጥያቄዎች በሁሉም አገር በአንድ ዓይነት መንገድ እንደማይመለሱ ታይቷል። ስለዚህ የሰውን ሜትር ይዘን የራሳችንን ልብ ስንለካ መጠንቀቅ ይገባናል። መድኃኒቱ ግን ከእኛ የራቀ አይደለም። በቅርባችን ያለውን የቅኔ ቤት እንይ። ጀማሪው መወድስ አይጠየቅም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ለብቻው ወጥቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ ተመልሶ ከመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ በነጋታው እንደ ገና ይሞክራል። ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየን አልፎ ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የድጓ ምስክር ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ በሚገኙበት በደቡብ ጎንደር የተወለድን ልጆች ጥቂት በጥቂት ከሰው ፊት መቆምን ከፈረንጅ ብቻ እንማራለን ማለት ያስተዛዝባል። በዚያ ቤት ሳቅም ዱላም እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ እርሱን እንተወው። ደረጃውንና ዕለታዊውን ልምምድ ግን እንውሰድ።

ሌላው ጥያቄ «ሐኪሙ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከሐሙሲት ገበያ ወይም ከእስቴ ገጠር ተነሥቶ የሥነ ልቡና ሐኪም ፍለጋ የሚሄድ ወጣት መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝምበት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ዚምባብዌ አንድ ነገር አሳይታናለች። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በሐራሬ ከተማ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፤ የተጨነቀው ሁሉ እየመጣ ችግሩን አንድ በአንድ እየፈታ እንዲያጫውታቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በእነዚህ አሮጊቶች የታገዙት ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው እንደ ቀነሰ መስክሯል። የታከመው ሕመም ራስን ከመናቅ ጋር ዘመድ እንጂ ያው አይደለም፤ ቢሆንም የሠለጠነና የሚቆጣጠረው ሰው ያለው ተራ ሰው ብዙ ሊሠራ እንደሚችል ያስረዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ «ሕመሙ ከኑሯችን እንጂ ከልባችን አይደለም። ለተራበው የሥነ ልቡና ትምህርት ምን ይሆነዋል?» እውነት አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። መጽሐፍና መምህር ያላገኘ ልጅ ቢወድቅ የታመመው እርሱ ብቻ ነውን? ይህን ጥያቄ ትቶ «አስተሳሰብህን አስተካክል» የሚል ሐኪም ቢመጣ እኔም እቃወመዋለሁ። ሁለቱ ግን አይጣሉም። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው በሞሰቦ ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» በተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶች ከአንዲት የመንደር መሪ ሴት ጋር በቡድን እየተገናኙ ይማሩ ነበር። ከዚያም ጋር ደብተርና እርሳስ ይሰጣቸው፣ ልጃቸውን ላልዳሩ ወላጆችም በግ ወይም ፍየል ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ከሌላ ቀበሌ እኩዮቻቸው ይልቅ በትምህርት ቤት ቆዩ፤ ያለ ዕድሜ መዳሩም በጣም ቀነሰላቸው። ቡድኑ ያለ ደብተሩ፣ ደብተሩም ያለ ቡድኑ ምን ያህል ይሠራ ነበር? ትክክለኛው ሕክምና ደግሞ አይዋሽም። «ፈተናው ቀላል ነበር» አይልም። ከመቶው ዘጠና ሰባት ሲወድቅ የዘጠና ሰባቱም ሰውነት ከንቱ ነው ማለት የማይሆን ነገር መሆኑን እንድናይ ያደርገናል። «ወደቅሁ» እና «ውዳቂ ነኝ» የተለያዩ ናቸው። ውዳቂ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው የተዘጋው ትምህርት ቤት ይከፈትልኝ ብሎ እንኳ አይጠይቅም።

እንግዲህ የተማሪዎች ማኅበራችን ምን ያድርግ? በበኩሌ የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ይበቃናል። ባነር ይሰቀላል፣ እንግዳ ይናገራል፣ ሻይና ብስኩት ይታደላል፣ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ በነጋታው ክፍሉ ያው እንደ ተዘጋ ነው። ስምንት ስምንት የሚሆኑ ተማሪዎች ያሉባቸው ቡድኖች ይቋቋሙ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለዐሥር ሳምንት ያህል ይገናኙ። የሥነ ልቡና ተማሪዎች በመምህራን ሠልጥነውና ቁጥጥር እየተደረገባቸው ይምሩ። እያንዳንዱ ደብተሩን በሦስት ዐምድ ይክፈል፦ የፈራሁት፣ ያደረግሁት፣ የሆነው። በሁለት ቤት ይጀምር፤ አንድ ጥያቄ በክፍል መጠየቅ፣ አንድ ገጽ ከቡድኑ ፊት ማንበብ። ሴት ተማሪዎች ለብቻቸው መሆን ከወደዱ የራሳቸው ቡድን ይኑራቸው። በቡድኑ የተነገረ ከቡድኑ አይውጣ። ራሱን ለመግደል የሚያስብ ወይም እንቅልፍና ምግብ ያጣ ሰው ሲገኝ ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ይህ ለቡድን የሚተው አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም እኛን ይመለከታል። «ይሳቅብኛል» የሚለው ትንቢት ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። በገጠር አነጋገሩ፣ በተሰበረ እንግሊዝኛው ስንቱ ላይ ተስቋል? የምንስቀው እኛው ነን። ጓደኛችን አንደበቱን ከፍቶ ሲሞክር ከሳቅንበት የፌኔልም የቤክም መድኃኒት አይረዳውም።

ወደ ሐሙሲቱ ጓደኛዬ ልመለስ። አንድ ቀን የዕድሩ ጸሐፊ ጠርተው፣ «አንተ ልጅ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ ይህን መዝገብ ያዝልኝ» አሉት።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ የወደቅሁ ሰው ነኝ» አላቸው።

«መደመርም ወድቀሃል እንዴ?» አሉት።

መዝገቡን ያዘ። በወሩ ስብሰባ ተነሥቶ ሒሳቡን እንዲያነብ ሲታዘዝ እግሩ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር ነግሮኛል። የሳቀበት ሰው አልነበረም፤ አንድ አዛውንት ብቻ «ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ አይሰማም» አሉት። ጸሐፊው የሥነ ልቡና መጽሐፍ አላነበቡም፤ አላመሰገኑትምም። ሥራ ሰጡት። በሚቀጥለው ዓመት በግሉ ተፈትኖ እንደ ገና ወደቀ። በዚህ ጊዜ ግን በጓሮ አልዞረም፤ ውጤቱን በሰማ በሳምንቱ መዝገቡን በክንዱ ይዞ በገበያው መካከል ሲያልፍ አግኝቼዋለሁ። አሁን በሙያ ትምህርት ቤት ይማራል።

የእኛም መዝገብ በእጃችን ነው። ነገ መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ከመካከላችን አንዱ እጁን ያንሣ። የቀረነው ደግሞ አንሳቅበት።